ሐረጎ ላይ የቀረ ሁለት ኪሎሜትር

ሰኞ ረፋዱ ላይ ይመር ወንድሜ
ጡሩንባ ነፍቶ ግቢ ገባ፤ ወጣሁ ደብተሬን ተሸክሜ።
ፒካፓችን ሦስት ጣት ያህል ከመሬት ርቃ
ቆማለች እንደ ሙሽራ፣ በአዲስ ጫማ ተጨንቃ።
«እስቲ እዪ ዘሀራ!» አለኝ፣ ጎማውን በመዳፉ እየመታ፤
«ማን አለው እዚህ ኮምቦልቻ እንዲህ ያለ ከፍታ?»
«አሮጌዎቹስ?»
«ሽጪያቸው ለበረባሶ፤ አይመለሱም ወደ ሥራ።»
እኔ ግን ጓሮ ደረደርኳቸው፣ ከላይ ጣል አድርጌ ሸራ።

አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። ከፍ ብዬ ስቀመጥ ጋቢና
በፋብሪካው አጥር ላይ አሻግሬ አየሁት ሙሉውን ቦርከና።
ሃያ ዓመት በጎኑ ሳልፍ፣ ሽታውን እንጂ መልኩን አላውቅ፤
ለካ ሸንበቆ መሃል ዳክዬ አለች፣ አምስት ጫጩት ይዛ ስትጠልቅ።

እንጀራችን ጄኔሬተር ነው፣ ተሳቢ ላይ የተበየደ፤
መብራት ከመጣ እሰየው፤ እኛ ግን የምንበላው ከሄደ።
ሐሙስ ደሴ፣ ሸዋ በር፣ ሠርግ አለ፤ ደጋሹ አቶ አበጋዝ፤
ኪራዩ በኪሎሜትር ነው። ወጣን ጭነን፣ ገመድ፣ አምፖል፣ ሙሉ ጓዝ።

ሜዳው ላይ ሸጋ ነበርን። ሐረጎ እግር ሥር ስንደርስ
ሦስተኛ ማርሽ እምቢ አለ፤ ይመር ወደ ሁለት ሲመልስ
ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መንገዱ አይሸሽም ከፊታችን።
ተራራው እንደ ቆመ ነው፤ የሚንቀጠቀጠው መስታወታችን።
ዳገት የሚያውቅ ገበሬ እርምጃውን ያሳጥራል፤
የእኛዋ እግሯን አርዝማ፣ ማን ሐረጎን እንዲህ ይደፍራል?
ተሳቢው ከኋላ ይጎትተናል፣ ቀሚስ እንደያዘ አበዳሪ፤
የፍሪሲዮን ሽታ ገባ፤ የሙቀቱ መርፌ ቀይ ላይ አዳሪ።
«አብሽሪ» ይለኛል ይመር፣ ላቡ በአገጩ እየወረደ፤
ዘልዬ ወርጄ ድንጋይ ጣልኩ፣ ተሳቢው ወደ ገደሉ ስንዝር በስንዝር እየሄደ።
ፍሬኑስ ምን ያድርግ? በትንሽ ጎማ ልክ ነው የተሠራው፤
ግዙፉን ይዞ ለማቆም ጉልበት ከየት ያምጣው?
አይሱዙዎች አለፉን። የአንዱ ረዳት አንገቱን አውጥቶ
«ጫማውስ ጉድ ነው!» ብሎ ሳቀ፣ ጭሱን ፊታችን ላይ ትቶ።

ለመግሪብ ተጠብቀን፣ ከኢሻ በኋላ ደረስን፤
ሙሽራዋ በስልክ መብራት ትበላለች፤ ማንም ዞር ብሎ አላየን።
አቶ አበጋዝ ባትሪ አብርተው ወደ ቆጣሪው ጎንበስ አሉ፤
«አምና ሃያ አምስት ነበር፤ ዘንድሮ ሃያ ሦስት?
ደሴ ቀረበችን?» ብለው ሳቁ፤ በሃያ ሦስት ከፈሉ።

ለካ ጎማ ሲተልቅ አንድ ዙሩ ብዙ ይሄዳል፤
ቆጣሪው ዙር እንጂ መንገድ አያውቅም፤ ትንሽ ሄድክ ብሎ ይፈርዳል።
ሁለት ኪሎሜትር ሙሉ ተራራ፣ ላባችን፣ ድንጋዩ፣ ጩኸቱ
የትም አልተጻፈም። ሐረጎ ላይ ቀረ፤ ጭጋጉ ውስጥ ነው ቤቱ።

ሌሊት ደብተሬን ገለጥኩ። ሰባት ሊትር ነበር ድሮ ደርሶ መልሱ፤
ዛሬ ዘጠኝ ተኩል። ቆጣሪው የዋጠውን ብጨምርለትም፣ ከኪሳችን ነው መፍሰሱ።
ይመር ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኝቷል፤ እንቅልፍ እንደሌለው አውቃለሁ፤
የስምንት ወር ቁጠባው አራት ክብ ሆኖ ግቢ ቆሟል፤ በመስኮት አያለሁ።

ዓርብ ከጁምዓ መልስ ክሪክ ይዞ ጓሮ ዘለቀ፤
ሸራዬን ገለጠ። አያቸው። «አልሸጥሽም?» አለ፤ መሬት መሬት እያየ ሳቀ።
«በረባሶ ሠሪው አልመጣም» አልኩት ዓይኑን ሳላይ።
(መምጣቱንስ መጥቶ ነበር፤ ሁለቴ፤ መልሼዋለሁ ከበር ላይ።)

አሁን ሐረጎን በሦስተኛ እንወጣለን፤ ሃያ አምስቱም ሃያ አምስት ነው።
ናፍጣው ሰባት። ሒሳቡ ልክ። ማን ይከፋዋል? እኔ ነኝ የምጽፈው።
ቦርከና ግን ተመለሰ፣ አጥሩ ጀርባ ገብቶ።
ወንበሬ ላይ ትራስ አለ። «ለወገብሽ ነው?» አለኝ ይመር አንድ ቀን አይቶ።
«ለወገቤ» አልኩት።
አጥሩ ጋ ስንደርስ ግን አንገቴን እዘረጋለሁ፤
አምስት ነበሩ ጫጩቶቹ፤ ያደጉትን እቆጥራለሁ።