የወስፋት መግደያ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ የሚያልቅበት፣
ቆርቆሮ ክፍል አለን፣ ዝናብ የሚያወራበት።
ግድግዳው «እጅ ታጠቡ» ይላል በሰማያዊ ቀለም፤
ቧንቧው ግን ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ቃል አልተነፈሰም።

ሲስተር ጸዳለ መጣች፤ ካርቶኗ ጠረጴዛዬ ላይ።
«አኝኩት፣ ሎሚ ሎሚ ይላል፤ እንዳትተፉት መሬት ላይ።
ወስፋት የሚገድል ነው።» አራተኛ «ለ» ተሰለፈ፣
ክኒኑ በየከንፈሩ ነጭ ዱቄት እያተረፈ።

የጉርሜሳ ተራ ደረሰ፤ ሆዱ ከበሮ፣ ክንዱ ስንደዶ፣
ጥፍሩ ሥር ጥቁር አፈር፣ ኳስ ሊያወጣ ቦይ ወርዶ።
«ቁርስ በልተሃል?» ስትለው የጫማውን ቀዳዳ አየ፤
ቆየና፣ ክኒኑን እንደጨበጠ፣ ከሰልፉ ተለየ።

«ቲቸር፣ ያ ማታ ማታ ወስፋቴ የሚጮህብኝ፣
እሱ ነው ዛሬ የሚሞተው? ሁለተኛ ላይርበኝ?»

አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ፈሊጥ እፈታለሁ፣
አንድ ቃል ሁለት ሲሆን በቀይ አሰምርበታለሁ።
ለዚህ ግን አፌ ደረቀ።

ከመሳቢያዬ ዳቦዬን አውጥቼ ቆረስኩለት፤
ሲስተር እስክሪብቶዋን ነክሳ፣ ቆይታ፣ ምልክት አደረገችለት።

ቀና ስል ሰልፉ ዞሯል።
ስልሳ ሁለት ልጅ ያየኛል፤
እኔን አይደለም፣
እጄ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ።