ስሙን ከጠሩት

ማክሰኞ፣ ቂርያት ጋት፣ የአረጋውያን ክበብ።
ገና የነርስ ተማሪ ነኝ፤ በስብርባሪ አማርኛዬ ሳነብ፣
«ጡት» የምትለው ቃል ጋ ስደርስ
ድምፄ እንደ ክር ብጥስ።

እናቶቹ አቀረቀሩ።
አንደኛዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው፣
«ተይ ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ፣
«ስሙን ከጠሩት ይመጣል ያ በሽታ።
ያልተዳሩ ሴት ልጆች አሉን።»

የዳስ በዓል ዋዜማ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ቢጫ ትርንጎ።
አባቴ ሲገዛ ትዝ አለኝ፦ ወደ ፀሐይ አዙሮ፣
በአውራ ጣቱ እየዳበሰ፣ እንከን ሲፈልግ፣ ገበያ መሃል፣
ማንም ሳያፍርበት።

አነሣሁት።
«እንዲህ ነው፤ በሦስት ጣት፣ ቀስ ብሎ፣ ዙሪያውን።»
አንዲት ሳቁ። ሳቁ ተዛመተ።

ከኋላ ወንበር እማማ ይመኙሻል ተነሡ።
ፍሬውን ከእጄ ወስደው ግራ ደረታቸው ላይ አስጠጉት፦
«እዚህ ያለው ጨርቅ ነው። ሰባት ዓመቱ።
ለእኅቴ እንኳን አልነገርኳት» አሉ፣
ባለ ነጠላዋን እያዩ።
«ካንሰር ነው ስሙ።
አንድ ቀን ጠርቼው አላውቅም፤
ሳልጠራው ነው የመጣው።»

የአየር ማቀዝቀዣው ብቻ ተሰማ።

ከዚያ እኅትየው እጃቸውን ዘረጉ፤
ትርንጎው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።
እኔ ጋ ሲመለስ
ሞቆ ነበረ።