ላይ ታች

ማኒላ መሐል ላይ፣ አርባ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ፣
ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ሥራዬ መቀመጥ።
ሰው ኑሮ ፍለጋ ላይ ታች ሲል ይውላል፤
ቁጭ ብሎ ላይ ታች ማለት ለእኔ ተሰጥቶኛል።
አሳንሰር እነዳለሁ፣ ጥቁር ዱካ ላይ ሆኜ።

“ሉዲቪና፣ አሥራ ዘጠኝ።”
“ሉዲቪና፣ ሠላሳ።”
“እንዴት አደርሽ” የሚለኝ ከመቶው አንድ ቢነሳ፣
እሱም ስልኩን እያየ ነው፤ ለስልኩ ነው ሰላምታው።

ቀኜ ቁልፍ ይጫናል፤ ግራዬ ኪሴ ውስጥ
መቁጠሪያ ይቆጥራል፣ ማንም ሳያደምጥ።
በየፎቁ አንዲት ፍሬ፣ ለእመቤቴ አንድ ሰላምታ፤
ጠዋት አንድ ያልኩት ቆጠራ ሺህ ይሞላል ለማታ።

ከቁልፎቹ ሁሉ ታች፣ ከጉልበቴ ትክክል፣
“ምድር ቤት ሁለት” አለች፣ ቀለሟ ሳይጎድል።
የሌሎቹን ቁጥር የሰው ጣት ፍቆታል፤
የእሷ ግን እንደ ተሠራ ቀን ያብለጨልጫል።
እዚያ፣ ከመኪና ማቆሚያው ወዲያ፣ ጸሎት ቤት አለ፤
ስድስት ወንበር፣ ፊቱ የተላጠ ቅዱስ ዮሴፍ፣
ሐሙስ ሐሙስ አባ ኒካኖር ለአራት ሰው ቀድሶ የሚያልፍ።
“የላዩ ቦታ ውድ ነው” ብለው ሲሠሩት፣
ጌታን ምድር ቤት አሳደሩት።
ለነገሩ ለምዶታል፤ ያውቃል በረት።

ነሐሴ ላይ፣ አውሎ ነፋስ ከባሕር የመጣ ዕለት፣
ሴኞር ኡባልዶ ገቡ፣ ሦስት ስልክ ይዘው፣ በጥድፊያ ፊት።
የሕንፃው ባለቤት ናቸው። ስሜ ደረቴ ላይ ተጽፏል፤ አያውቁትም።
“አርባ” አሉ። ነካሁ። ወጣን።
አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት
(አሥራ ሦስት የለንም፤ ባለጠጋ ገድ ይፈራል፣ እግዜርን ባይፈራም)፣
ጥቅ አለ።
ጨለመ።

መጀመሪያ ስልኮቹ በሩ፣ እንደ ሦስት ጧፍ።
መስመር የለም። አንዱ ጠፋ። ሁለተኛው።
ሦስተኛውም ሲንጠፋጠፍ
ትንፋሻቸውን ሰማሁት፣ አጭር፣ የሕፃን ትንፋሽ።

“ምንድን ነው የሚንቋቋው?”
“መቁጠሪያ ነው፣ ጌታዬ።”
“እናቴም ነበራት” አሉ። ቆዩ። “ስንት ደረስሽ?”

ስንት ደረስኩ?
አፌ ደረቀ።
ጣቴ ፍሬው ላይ ነበር፤ ልቤ ማቀዝቀዣ ላይ፣
ባለ ሁለት በር፣ ብርማ፣ የሱቅ መስኮት ውስጥ ያየሁት፣
በአሥራ ስምንት ወር የሚከፈል፤
“በወር ዘጠኝ መቶ ፔሶ፤ ጁን-ጁን ከመርከቡ አምስት መቶ ከላከ፣
ምሳ ብተው ሁለት መቶ…”
ለካ ከጠዋት ጀምሮ፣ በድንግል ሰላምታ፣
የምቆጥረው ዕዳ ነው።
እሳቸው አርባ ፎቅ፣ እኔ አንድ ማቀዝቀዣ፤
ልዩነታችን የዋጋ ነው። ልባችንማ እኩል ተሽጧል።

“ቆጠራው ጠፍቶብኛል” አልኩ። “እንደ አዲስ ልጀምር?”
“ጀምሪ።”
ተከተሉኝ። መሐል ላይ ቃሉ ጠፋቸው፤
“አሁንም…” ብለው ቆሙ።
“በሞታችንም ጊዜ” አልኩ።
“በሞታችንም ጊዜ” አሉ፣ ቀስ ብለው፣
ዋጋውን እንዳልጠየቁት ዕቃ።

መብራት መጣ።
ክራባታቸውን አቃኑ። “አርባ” አሉ።
ወረዱ፤ ዞረው አላዩኝም።
ተአምር ጠብቃችሁ ከነበረ፣ ይቅርታ፤
በሳምንቱ ኪራይ ጨመሩ።
እኔም ማቀዝቀዣውን ገዛሁት፣ ባለ አንድ በሩን።

ግን ያን ዕለት፣ ባዶውን ሳጥን ይዤ ከላይ ቀርቼ፣
ማንም ቁጥር ሳይነግረኝ፣
ጎንበስ አልኩ።
ያቺን ቁልፍ ሳይጎነበሱ አያገኟትም።
ነካኋት። በራች።

ታች ስደርስ በሩ እያቃሰተ ተከፈተ።
ቅዱስ ዮሴፍ፣ በተላጠ ፊቱ፣
“ስንተኛ ፎቅ?” አላለኝም።