ጳጉሜ የሌለው መዝገብ

ቱሉ ዲምቱ፣ ከአደባባዩ ወዲያ፣ ሴራሚክ ከሚሸጥበት ሕንፃ ላይ
ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ አይሠራም፤ ደረጃው አሸዋ፣ መስኮቱ ፀሐይ።
በሩ ላይ ወርቃማ ፊደል፦ «የዲኤንኤ ምርመራ፤ ለአባትነት፣ ለውርስ፣ ለወንጀል ክስ»፤
ከሥሩ በእስክሪብቶ፦ «ጫማ ይውለቅ»። አወለቅሁ። በካልሲ ገባሁ፣ ቀስ።

አቶ ውብሸት ወንበር ሳቡልኝ፣ የታሸገ ውኃ አስመጡ፤
እኔ ቅጽ ይዣለሁ፤ «ያሟላል»፣ «አያሟላም»፤ ሌላ የለም በውስጡ።
«እናንተ መመሪያ ስታረቅቁ፣ ረቂቃችሁ ረቅቆ ረቅቆ ሊጠፋ፣
እኛ ሃያ ሰባት መዝገብ አዘጋን፤ ፖሊስ እፎይ አለ፣ ማን ተከፋ?»

ማሽኑን አሳዩኝ። እንደ ሳሎን ቴሌቪዥን በዳንቴል ተሸፍኗል፤
«አቧራው ነው» አለች ሲፈን፣ ባለሙያዋ፤ «መስኮቱ ተዘግቶም ይገባል።»

ከዚያ ማቀዝቀዣው። ከጎኑ ሙቀት የሚጻፍበት መዝገብ፣ ጠዋትና ማታ፤
አራት ዲግሪ። አራት። አራት። አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ እጅ፣ አንድ ዓይነት እርጋታ።
ገለጥሁ፦ ነሐሴ ሠላሳ። ገለጥሁ፦ መስከረም አንድ።
ጳጉሜ የታለች? ቅጹ የባሕር ማዶ ቅጂ ነው፤ ለአምስቷ ቀን የለውም መንገድ።

«ትንሽ ቀን ናት» አሉ።
ትንሽ ናት። እኔ ግን የዚሁ ሰፈር ሰው ነኝ፤ ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት፤
ጳጉሜ ሁለት ትራንስፎርመሩ ፈነዳ፤ ዝናብና ጨለማ፣ እስከ ጳጉሜ አምስት።
ወተቴ ፍሪጅ ውስጥ ረጋ። ለበዓል የገዛሁትን ሥጋ ውሻ እንኳ ገልመጥ አርጎት ሄደ፤
«ጄኔሬተር ነበራችሁ?» አልሁ። «አለ፤ ናፍጣ ግን ያኔ…» ድምፃቸው ወረደ።

ጳጉሜ ሦስት ነው ያ ጆንያ እዚህ የገባው፣ የዘበኛው ደም ያለበት፤
ምንተስኖት የሚሉት የባጃጅ ልጅ ቂሊንጦ የተኛው ከዚያ በወጣ ውጤት።
«ከመቶ ሚሊዮን አንድ» ይላል ወረቀቱ፤ ማኅተሙ ክብ፣ ሰማያዊ፣ ደማቅ፤
ስለ ናፍጣ አያነሣ፣ ስለ ጨለማው አያውቅ።
እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤
ደም ግን መብራት በሌለበት ሲያድር ይሻግታል።

ቅድመ አያቴን ያስያዘው ሌባሻይ ነበር። በወተት በጥብጠው አጠጥተው
አንድ ብላቴና ለቀቁ፤ ወገቡ ላይ ገመድ፤ ተንገዳግዶ የወደቀበት ደጅ፣ ሌባው ያ ነው።
ማንም አልጠየቀም ገመዱን የያዘውን፣
ወተቱን የበጠበጠውን፣ የቆየ ቂሙን።
የዛሬው ብላቴና ዳንቴል ለብሷል፤ እሱም በሰው ደጅ ይወድቃል፤
ገመድ ያዡን ማን ይጠይቃል?

ደረጃው ላይ ሲፈን ደረሰችብኝ፤ ጫማዬን ረስቼ ወጥቼ ኖሮ ይዛልኝ፤
አላየችኝም። እየሰጠችኝ ለጫማው ነገረችው መሰለኝ፦
«ከሃያው ምልክት የጠራው ሰባት ነው። የቀረውን ‹ይመስላል› ብለው ሞሉት።
ፈርሚ አሉኝ። የሁለት ወር ደሞዝ አልተከፈለኝም ነበር። ፈረምሁበት።»

ማሰሪያዬን ሳስር ቆየሁ። ተመልሼ ወጣሁ።
ከመዝገቡ ላይ፣ በነሐሴና በመስከረም መሃል፣ ማስመሪያ ተውሼ አምስት ሣጥን አሰመርሁ፤
አንድም ቁጥር አልጻፍሁም፤ ከጎናቸው ቀን ጽፌ ፈረምሁ።
«አያሟላም» ላይም ምልክት አደረግሁ። አቶ ውብሸት ፈገግ አሉ፤
«አስተያየቱ አስገዳጅ አይደለም» የሚለውን የቅጹን ግርጌ በጣታቸው እየነኩ፣ እየከለሉ።

ቅጂውን ለልጁ ጠበቃ ላክሁ። የሚፈቅድልኝ አንቀጽ የለም፤
የሚከለክለኝም።

ቀጠሮው ኅዳር ስምንት ነው። ረቂቁ ያው ረቂቅ ነው።
ማታ ቤቴ ገብቼ ፍሪጁን ከፈትሁ፤ መብራት አለ፤
በሎሚ አጥቤዋለሁ፣ በሶዳ አጥቤዋለሁ፤
ሽታው አልለቀቀም።