ውሃ ልክ

ዱሉዝ ዳገት ናት፤ ከሐይቁ ዳር ተነስታ ሽቅብ የምትወጣ፤
ውሃ ግን ማንም ሳይመራው ቁልቁል ነው የሚመጣ።
ከወገቧ ላይ ነው የአርቮ ራውቲዮ ቤት፤
ግንበኛ ነበረ፤ ጭስ መውጫ የሠራ ለግማሹ ጎረቤት።

አምና በረዶው ቀልጦ ምድሩ ሲላላ
ማሽን መጣ፣ የድሮውን የጡብ መንገድ ቆርሶ ሊበላ።
አስፋልት ተነጠፈ፤ የጠርዙ ድንጋይ ተሰደረ፤
ሪባን ተቆረጠ፤ ኬክም ነበረ።
እኔ መንገድ ሥራ ክፍል ነኝ፤ ከመስኮት ኋላ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤
«ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ብዬ እዘጋለሁ።

አንድ ማክሰኞ ሌሊት ዘነበ፤ ዘነበ።
ጎርፉ አዲሱ ጥቁር ጀርባ ላይ ተሰበሰበ፤
ከፍ ያለው መንገድ ነው፤ ዝቅ ያለው ደጃፍ፤
የድሮው ቦይ ተደፍኗል፤ ታዲያ በየት ይለፍ?
ሳያንኳኳ ገባ። ደረጃውን ወርዶ
ምድር ቤት ተኛ፣ የእንጨት ስኪ እንደ ጀልባ አንሳፎ፣ ማሞቂያውን አብርዶ።

አርቮ መጣ ወደ መስኮቴ፤ በኪስ ደብተሩ ቁጥር፦
ማክሰኞ አራት ጣት፤ ዓርብ አንድ ስንዝር።
የኪሳራ ቅጽ ሰጠሁት። «ዋጋ» በሚለው ቦታ ስሙን ጻፈበት፤
አርቮ በአባቶቹ ቋንቋ ዋጋ ማለት ነው፤ እኔ ምን አውቄለት!
«ያልተሟላ» ብዬ መለስኩለት።

ባለሙያ ይመጣል አልነው፤ ባለሙያው የውሃ ሽታ።
ጻፈ፤ ጻፍኩ፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ፣ ጠዋትና ማታ።
የከተማው ጠበቃ ማህደሩን ገለጥ አድርጎ
«ይሄ ክርክር ውሃ አያነሳም» አለ፣ መነጽሩን ጠርጎ።
የዚያን ዕለት አርቮ ከምድር ቤቱ ያነሳው ውሃ
ስልሳ ሦስት ባልዲ ነበር።

ቤቱ በረጠበ ቁጥር ሰውየው ደረቀ፤
«ደረቅ ሽማግሌ!» አልነው፤ በሻይ ሰዓት ቢሮው ሙሉ ሳቀ።

በመጨረሻ ምክር ላክን፦ «በራስዎ ወጪ፣ ከአጥርዎ ሥር፣ የአፈር ክትር ይሥሩ።»
ሠራ። የግንበኛ እጅ ነው፤ ጠብ አይልም ከዳሩ።
በቀጣዩ ዝናብ ውሃው ፊቱን አዞረ፣ እንደ ተንገላታ ባለጉዳይ፤
ወረደ ከታች ቤት፣ ዴልፊን ላፕሬሪ ላይ።
ጎህ ሲቀድ በሩን አንኳኳች፤ አልተቆጣች፤
የቀኝ ጫማዋን አውልቃ ውሃውን ፊቱ ደፋችው፤ ዝም ብላ ወጣች።

አርቮ አካፋ አነሳ። እስከ ቀትር ድረስ
የራሱን ክትር ናደ፤ ማንም ሳይከስ።

ከሰዓት ቢሮ መጣ፤ ጭቃው ከጫማው ሳይለቅ።
ወረቀት አልያዘም፤ ድምፁም እንደ ወትሮው አይደል፤ ዝቅ።
የግንበኛ ውሃ ልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አጋደመ፤
ጎንበስ ብሎ ቆመ።
አረፋዋ ሸሸች፤ ወደ እኔ ወገን።
«ጠረጴዛህም ዘሟል» አለ፤ ሄደ፣ መሣሪያውን ትቶልን።

ብቻዬን ስቀር የደብዳቤዬን ቅጂ አራት ጊዜ አጠፍኩ፤
ከጠረጴዛው እግር ሥር ሸጎጥኩ።
አረፋዋ መሃል ገባች።
ከጻፍኩት ሁሉ ለሥራ የበቃው ያ ወረቀት ብቻ ነው።
ውሃ ልክ ነው ለካ፤ ማኅተም አይፈራ፤ ጠበቃ አያስረዳው።

ጠረጴዛው መሳቢያ አለው፤ መሳቢያው ውስጥ ሉህ ዘጠኝ።
መንገዱ አሥራ አምስት ሴንቲ ከፍ ይበል ይላል ሥዕሉ፤
የተሞላው ሃያ ሁለት፤ አምና ያየሁት፣ አምና ዝም ያሰኘኝ።

ውጭ ደመናው ከሐይቁ ላይ ተነስቷል፤ ሊዘንብ ነው መሰለኝ።
ኮፒ ማሽኑ እስኪሞቅ
ሉሁን ይዤ ቆሜያለሁ።