ሙሉ ደቂቃ

ጉም ነው ደብረ ሲና፤ መስኮቱ አይገጥምም።
የላስቲኩ ሕፃን ቢበርደው አይታመምም።
ሲስተር ወይንሸት ሰዓቷን አውልቃ
«ቁጠሩ» አለችን፣ «ሙሉ አንድ ደቂቃ።
ግማሹን ቆጥሮ በሁለት ማባዛት
ለባቄላ ይሁን፤ አይሆን ለሕፃናት።»
የደረት መሰርጎድ፣ የአፍንጫ መርገብገብ፣
እንደ ዳዊት ደገምን፤ በሥጋ ላይ ማንበብ
ቀረን።

በሦስተኛው ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ ጨለማ፣
እማዋይሽ ገባች ልጇን ተሸክማ፣
ከአርማንያ ሽቅብ።
የኦክስጅኑ ማሽን ዝም።
የልጁ ከንፈር እንደ አጋም።

በስልክ ብርሃን ከረጢቱን ጨመቅኩ፣
በሲስተር ድምፅ ቆጠርኩ፣ በሲስተር ድምፅ ለቀቅኩ።
እናቱ ዐይኗን ከእጄ አልነቀለችም።
ላስቲኩ እናት የለውም፤
ይኼን አልተማርንም።

ሊነጋጋ ሲል ጮኸ፤ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት፣
በር ላይ ያለው ዘበኛ ደንግጦ የሮጠበት።
እማዋይሽ ጡቷን አወጣች፣ ምንም አላለችኝ።
ማሽኑም ያን ጊዜ፣ መብራት መጥቶለት፣
ማንጎራጎር ጀመረ፣ ምንም እንዳልሆነ።

እኔ ግን ጉልበቶቼ ራዱ፣ ተብረከረኩ፤
ተቀምጬ ቆጠርኩ፣ የራሴን፣ ሙሉ ደቂቃ።
ሠላሳ ሁለት።
ሲስተር፣ የነርስስ ስንት ነው ልኩ?