የድርቆሽ ሽታ

ካውናስ፣ በኅዳር ወር፣ ከኔሙናስ ማዶ፣
ጭጋጉ ከመስኮት እንደ ላም ተላምዶ፣
ሊዮካድያ ተኝታለች፤ ግማሽ ጠጉሯ ተላጭቶ፣
የራስ ቅሏ እንደ ሰዓት ክዳን ተከፍቶ።
ነቅታለች። ግዴላችሁም፣ አንጎል ሕመም አያውቅም፤
የሁሉን ሕመም ይሰማል እንጂ የራሱን አይጠይቅም።

እኔ ሽቦ አስማሚ ነኝ፣ ማሽን ጠባቂ፣
ከሰው ጭንቅላት የሚፈልቅ መስመር አርቃቂ፤
ጸሎትም ይሁን፣ የቤት ኪራይ ጭንቀት፣
እኔ ዘንድ ያው ነው፤ ዳገትና ቁልቁለት።

ሠላሳ ዓመት በፖስታ ቤት የሰው ደብዳቤ ለይታ፣
ላኪው ያልተጻፈ ጥሪ ይደርሳት ጀመር በጡረታ፤
መጀመሪያ የድርቆሽ ሽታ፣ ዝናብ የነካው፣
ከዚያ በልጅነት ስሟ የሚጠራት አንዳች ሰው፤
ሰው እንኳ አይደለም ትላለች። ከዚያ መውደቅ፣
ምላስ መንከስ፣ አረፋ መድፈቅ።

ዶክተር ሪማንታስ በቀጭን ዘንግ ነካ፤ ሁለት ሚሊአምፔር።
መርፌዬ ዘለለ። የሴትዮዋ ከንፈር
ተንቀጠቀጠ፤ «መጣ» አለች በለሆሳስ።
ዘንጉን አነሳ። «አሁንስ?» «ሄደ» አለች፣ ጉንጯ ሲርስ።

«ይኸውልሽ» አለ ሐኪሙ፤ ክፉ ሰው አይደለም፤
«የለውዝ ፍሬ ታህላለች፤ ከዚህች ሌላ የለም።»

ሳቀች፤ በከንፈሯ ብቻ፤ ራሷ በብረት ተይዟል፦
«ዘንግህ ሲነካኝ፣ ልጄ፣ ድርቆሹም ይሸተኛል።
ታዲያ ድርቆሽ የሚባል በዓለም የለም ልትል ነው?
ላማችን በበረዶው ወራት ምን ነበር የበላችው?»

ዘንጉ አየር ላይ ቀረ። እኔም ማስታወሻ
አልጻፍኩም፤ ቅጹን አገላበጥኩ፤
ላም የለችበትም እስከ መጨረሻ።

«ቁረጠው» አለች ቆይታ። «የልጅ ልጄ አንድ ማታ
ከእቅፌ ወድቆ ነበር፣ ደረጃ ላይ፤
አይገዛም በእሱ ጠባሳ የእኔ ደስታ።»

ተቆረጠ።

በሚያዝያ ለምርመራ መጣች፤ ጠጉሯ በቅሎ፤
መርፌዬ በሜዳ ሄደ፣ አንዴ እንኳ ሳይዘል ውሎ።
«ቤተ ክርስቲያን ትሄጃለሽ?» አልኳት፤ ሥራዬ ባይሆንም።
«እሄዳለሁ። ወንበሩ ይቀዘቅዛል። የሚጠራኝ የለም።
አሁን እኔ ነኝ የምጠራ። መልሱም ይቆያል፤
ደብዳቤ እንደሚዘገይ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?»
ጓንቷን አጠለቀች፤ ወጣች።

ማታ ድልድዩ ላይ ድርቆሽ ሸተተኝ፤ ገና በሚያዝያ፣
ሣሩ ሳይታጨድ። ቆምኩ።
የጭነት መኪና ይሁን፣ ጭንቅላቴ፣ ወይስ ከወዲያ።